61 ዶላር እያለኝ 140 ዶላር ተቀጣሁ

ጤና ይስጥልኝ፣

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የትዳርና የልጅ ጉዳይ ነው። የእኔ የባንክ ጉዳይ ነው፤ ግን ትዳሬ ውስጥም እየገባ ስለመጣ ነው የጻፍኩልዎ።

36 ዓመቴ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አለን። የቤት ኪራዩን እሱ ይከፍላል። የመኪናዬን ዕዳ፣ ኢንሹራንሱን፣ ስልኩን፣ የልጁን አፍተር ስኩልና አስቤዛውን እኔ እችላለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ 1,180 ዶላር ገደማ ይገባልኛል። ከዚያ ላይ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 150 ዶላር ዕቁብ አለብኝ። በየወሩ ደግሞ ደሴ ላለችው እናቴ 200 ዶላር እልካለሁ።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርዎ። ማክሰኞ ማታ ስልኬ ላይ ሳይ 61 ዶላር አለኝ። ዓርብ ቼክ ይገባል፣ እስከዚያ ይበቃኛል አልኩ። ረቡዕ ጠዋት በ5 ዶላር ቡና ገዛሁ። በ20 ዶላር ቤንዚን ቀዳሁ። ማታ በ14 ዶላር ወተትና ዳቦ ያዝኩ። ካርዱ ሁሉንም እሺ አለ። ለካ የመኪናዬ ኢንሹራንስ፣ 148 ዶላር፣ የሚቆረጠው በዚያው ቀን ኖሯል። ሐሙስ ጠዋት አፑን ስከፍት ባንኩ ካለሽ በላይ አውጥተሻል ብሎ 35፣ 35፣ 35፣ 35 ዶላር ቀጥቶኛል። አራት ጊዜ! 140 ዶላር ከአንድ ቀን ደመወዜ ይበልጣል። ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ ከጃንዋሪ ጀምሮ ያለውን ቆጠርኩት። 15 ጊዜ ተቀጥቻለሁ። 525 ዶላር።

ባለቤቴ አያውቅም። "ገንዘብሽ የት ነው የሚገባው?" ሲለኝ "ለእማዬ ጨምሬ ላኩላት" ብዬ ዋሸሁት። በእናቴ ስም መዋሸቴ ከገንዘቡ በላይ ያንገበግበኛል። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ "ከቼክ በፊት የሚያበድር አፕ አለ፣ አውርጂው" አለችኝ። ሌላዋ "ዕቁቡን ተይው" ትለኛለች። ዕጣዬ ግን ገና አልወጣም። ከ40 ሳምንቱ 22ቱን ከፍያለሁ። መሃል ላይ አቋርጬ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?

ባንኩን ስከፍት አንድ ወጣት ብዙ ነገር ጠይቆኝ ነበር። እንግሊዝኛዬ ያኔ ደካማ ስለነበር መልሴ ሁሉ "የስ፣ የስ" ነበር። ምን ላይ እንደፈረምኩ ዛሬም አላውቅም። እኔ ገንዘብ መያዝ የማልችል ሰው ነኝ ማለት ነው? ምን ላድርግ?

ሰላም ያጣሁት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

* * *

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነው።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። 22 እሑድ አንዱንም ሳታጎድል ዕቁብ የጣለች ሴት "ገንዘብ መያዝ አትችልም" አትባልም። እኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው የሚያየውን ክፍያ ሁሉ በሰዓቱ ትከፍያለሽ። ዕቁብተኛው ያይሻል፣ እናትሽ ይጠብቃሉ፣ አፍተር ስኩሏ ሴትዮ ታውቅሻለች። ጉድለቱን በሙሉ የጣልሽው ማንም የማያይበት ቦታ፣ ባንኩ ላይ ነው። ባንክ ደግሞ አይቆጣም፣ አያማም። ዝም ብሎ 35 ይቆርጣል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

እኔም ብሆን ከዚህ አላመለጥኩም። አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ፓኬት እንጀራ በ4 ዶላር ገዝቼ 35 ተቀጥቻለሁ። የ39 ዶላር እንጀራ! ያን ቀን ፍርፋሪውን እንኳ አልጣልኩም።

አሁን ያቺን ረቡዕ እንያት። ስልክሽ ላይ ያየሽው 61 ዶላር ውሸት አልነበረም። ግን አፑ ትናንት ያወጣሽውን ነው የሚያውቀው፤ ነገ የሚመጣብሽን አያውቅም። ካርድ ስታሳልፊ ገንዘቡ ያኔውኑ አይወጣም። "ፔንዲንግ" ተብሎ ይቆይና በማግስቱ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚወራረደው። አንቺ ጋ የሆነው ኢንሹራንሱ ቀድሞ መግባቱ ይመስለኛል። 148ቱ ከ61 ላይ ሲቆረጥ ሂሳብሽ ከዜሮ በታች 87 ወረደ፣ አንድ ቅጣት። ከዚያ ቡናው መጣ፣ ቅጣት። ቤንዚኑ መጣ፣ ቅጣት። ወተቱም እንደዚያው። እስቲ ገልብጠሽ አስቢው። ቡናው፣ ቤንዚኑና ወተቱ ተደምረው 39 ዶላር ናቸው። እነሱ ቀድመው ቢወራረዱ ኖሮ 61ዱ ይበቃቸው ነበር፤ የምትቀጪው በኢንሹራንሱ ብቻ፣ 35 ዶላር ነበር። ቀኑ ያው፣ ዕቃው ያው፣ ገዢዋም ያችው። ልዩነቱ 105 ዶላር!

ዓርብ ደግሞ 1,180ው ሲገባ መጀመሪያ የ126ቱን ጉድለትና የ140ውን ቅጣት ዋጠ። ሁለቱን ሳምንት በ914 ጀመርሽ ማለት ነው። በ1,180 ያልደረስሽበትን በ914 እንዴት ትደርሺበታለሽ? የሚቀጥለው ቅጣት የተወለደው ያኔ ነው። 15 ጊዜ የደረሰው እንዲህ እየተሳሳበ ይመስለኛል።

ብቻሽን እንዳልሆንሽ እንድታውቂ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሲኤፍፒቢ የሚባለው የፌዴራል የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ በዴቢት ካርድ ከሚመጡት ቅጣቶች አብዛኞቹ የተቆረጡት ለ24 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ግዢ ነበር። አብዛኛውም ጉድለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሞላል። ልክ እንዳንቺ፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ። ቢሮው አስልቶታል፦ 24 ዶላር ለሦስት ቀን ተበድሮ 34 ዶላር መክፈል በዓመት ወለድ ሲታሰብ 17,000 ፐርሰንት ነው። አራጣ አበዳሪ እንኳ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል።

ያ ወጣት የጠየቀሽን አሁን ልተርጉምልሽ። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የፌዴራል ደንብ አለ። ሂሳብሽ ላይ ገንዘብ ሳይኖር በዴቢት ካርድ ስትገዢ ወይም ከኤቲኤም ስታወጪ፣ ባንኩ አስቀድሞ ፈቃድሽን ካልተቀበለ ቅጣት ማስከፈል አይችልም። ልጁ ያኔ የጠየቀሽ "ገንዘብ ባይኖርሽም ካርዱ እንዲሠራልሽ ትፈልጊያለሽ?" ሳይሆን አይቀርም። ሲሰሙት ደግነት ይመስላል። ማን "ኖ" ይላል? ደስ የሚለው ግን ያን "የስ" በፈለግሽ ሰዓት መልሰሽ መውሰድ ትችያለሽ። ምክንያት መስጠት የለብሽም። በስልክ ደውለሽ፣ ቅርንጫፍ ሄደሽ፣ ብዙዎቹ ጋ ደግሞ አፑ ላይ ይቻላል። ስትደውዪ እንዳይጠፋብሽ እንዲህ ብለሽ ወረቀት ላይ ጻፊው፦ "አይ ዎንት ቱ ኦፕት አውት ኦፍ ኦቨርድራፍት ኮቨሬጅ ፎር ማይ ዴቢት ካርድ።" ኦቨርድራፍት ማለት ሂሳብሽ ላይ ካለው በላይ ማውጣት ነው፤ በካርድ ለዚያ የሰጠሽውን ፈቃድ ማንሳትሽ ነው። አስተርጓሚ እንዳላቸውም ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ከጨረስሽ በኋላ ማረጋገጫውን በጽሑፍ እንዲልኩልሽ ንገሪያቸው።

ያቺን ረቡዕ ይህን አድርገሽ ቢሆን ኖሮ ቡናው፣ ቤንዚኑና ወተቱ አያስቀጡሽም ነበር።

ዋጋ አለው፤ አልደብቅሽም። አንድ ቀን የሐበሻ ሱቅ ቆመሽ፣ ከኋላሽ ሦስት የምታውቂያቸው ሰዎች ተሰልፈው፣ ካርዱ እምቢ ይላል። አውቀዋለሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያሰኛል። ያኔ "ካርዱን ቀይሬ እመጣለሁ" ብለሽ ወተቱን ትተሽ ትወጫለሽ። ሃፍረቱ እስከ መኪናሽ ድረስ ነው። ነጻ ነው ደግሞ።

በዚያው ስልክ ላይ ሳለሽ አንድ ነገር ጨምሪ። ያን 140 ዶላር እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። ካርዱን ስታሳልፊ ሂሳብሽ ላይ ገንዘብ እንደነበረሽ፣ አራቱም በአንድ ቀን እንደተቆረጡ፣ ደመወዝሽ በሁለተኛው ቀን እንደገባ ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው። እኛ ሐበሾች "አንዴ ሄዷል" ብለን መተው ይቀናናል። አሜሪካኖቹ ግን ይጠይቃሉ፣ ባንኮችም ለጠየቀ ብዙ ጊዜ አንዱን ወይም ሁለቱን ይመልሳሉ። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ እምቢ ካለችሽ ሱፐርቫይዘሯን አገናኚኝ በያት። 70 እንኳ ቢመለስ የአንድ ሳምንት ወተትና ዳቦ ነው፣ ከነቅቤው።

የካርዱን ኦቨርድራፍት መዝጋት ግን ኢንሹራንሱን አይነካውም። ያ ደንብ ቼክንና እንደ ኢንሹራንስ በየወሩ ራሱ የሚቆረጠውን አይሸፍንም። ለእነዚህ መድኃኒቱ ቀን መቀየር ነው። ኢንሹራንሱ ጋ ደውዪና "ቢሌ ከደመወዜ በኋላ ባለው ሰኞ ይሁንልኝ" በያቸው። ስልኩም እንዲሁ፣ የመኪና ዕዳውም እንዲሁ። ብዙዎቹ ሲጠየቁ ቀን ይለውጣሉ። አንዳንዱ የወሩን ቀን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አንቺ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ክፍያሽ ቀኑ ይሸሻል። እንዲያ ከሆነ በየወሩ ራሱ የሚቆርጠውን አውቶፔይ አጥፍተሽ ቼክ በገባ ዕለት በእጅሽ ክፈዪ። በሆነ ምክንያት አንድ ቆራጭ እምቢ ካለሽ ደግሞ፣ ቀኑ ከመድረሱ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድመሽ ባንክሽን "ይህን ክፍያ አቁሙልኝ" ማለት መብትሽ ነው። አንዳንድ ባንክ ለዚህም ያስከፍላል፤ ስለዚህ የመጨረሻ በርሽ ይሁን። ኢንሹራንሱ ጨርሶ እንዳይቋረጥብሽም ተጠንቀቂ፤ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ከዚህ ሁሉ ይብሳል።

ቤንዚን ስትቀጂ ፓምፑ ላይ ካርድ አታስገቢ። ማሽኑ ስንት እንደምትቀጂ ስለማያውቅ ከ20 ዶላርሽ በላይ ይይዝብሻል፤ እስከ 175 ዶላር የሚይዝ አለ። የተያዘው እስኪለቀቅ ሂሳብሽ ባዶ ይመስላል። ውስጥ ገብተሽ "20 ዶላር በፓምፕ 4" በዪ፣ አለቀ። ይህን ለባለቤትሽም ንገሪው፤ ኡበር ነጂ ስንት ጊዜ እንደሚቀዳ አንቺ ታውቂያለሽ።

ባንኩን ራሱን መቀየርስ? እኔ ብሆን እቀይረዋለሁ። ካፒታል ዋንና ሲቲባንክ ይህን ቅጣት ከ2022 ጀምሮ ጨርሰው አንስተዋል። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዚያው ዓመት ከ35 ወደ 10 አወረደው። ሌሎች ትልልቅ ባንኮችና ብዙ ክሬዲት ዩኒየኖች (በአባላት የተያዙ የቁጠባና የብድር ማኅበራት) ደግሞ "ባንክ ኦን" የሚል ማረጋገጫ ያለው ቀላል ሂሳብ አላቸው። 25 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይከፈታል፤ ወርሃዊ ክፍያው ብዙውን ጊዜ 5 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የኦቨርድራፍት ቅጣት የሚባል ነገር የለውም። ስትሄጂ በስሙ ጠይቂው፤ ካልጠየቅሽ ላይነግሩሽ ይችላሉ። መንግሥት ያስተካክለዋል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ሲኤፍፒቢ በዲሴምበር 2024 የትልልቆቹን ባንኮች ቅጣት ወደ 5 ዶላር የሚያወርድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሥራ ላይ ሳይውል ኮንግረስ ሻረው፤ በሜይ 2025 ተፈርሞ ተቀበረ።

አሮጌውን ሂሳብ ከዜሮ በታች ሆኖ ጥለሽው እንዳትሄጂ ብቻ። ባንኩ ዘግቶ ቼክስ ሲስተምስ ለሚባለው መዝገብ ካስተላለፈሽ እስከ አምስት ዓመት ይከተልሻል፤ ሌላ ባንክ ሂሳብ ሊከለክልሽ ይችላል። መጀመሪያ ወደ ዜሮ አምጪው፣ ቆራጮቹን ሁሉ አዛውሪ፣ አንድ ወር ጠብቂ፣ ከዚያ ዝጊ።

እንዲያውም ሁለት ሂሳብ ይኑርሽ። ነርሲንግ ሆማችሁ የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል (ኤችአር) ሄደሽ በቀጥታ ባንክ የሚገባልሽን ደመወዝ (ዳይሬክት ዲፖዚት) በሁለቱ ሂሳብ እንዲያከፋፍሉልሽ ጠይቂ። አንዱ የቢል ሂሳብ ነው፤ ካርዱን ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ሌላው የኪስ ነው፤ ቡናውም ወተቱም ከዚያ። ኪሱ ሲያልቅ አለቀ፤ ኢንሹራንሱ ግን አይነካም። አያቶቻችን የዘርን እህል ከሚበላው ለይተው ያስቀምጡ የለ? ያው ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ዕቁቡ እንምጣ። የደብዳቤሽ ልብ እሱ ላይ ነው።

በየእሑዱ 150 ትጥያለሽ። ክፍያሽ ግን በየሁለት ሳምንቱ ነው። ቼክ እንደገባ የሚመጣው እሑድ አይከብድሽም። የሚገድልሽ ሁለተኛው ነው፣ ባዶው እሑድ። ያቺን ረቡዕ 61 ዶላር ይዘሽ የተገኘሽው ከሦስት ቀን በፊት፣ ባዶው እሑድ፣ 150 ስለጣልሽ አይደለም ወይ? እስቲ ያለፉትን 15 ቅጣቶች ቀናቸውን አውጥተሽ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊ። አብዛኞቹ ከባዶው እሑድ በኋላ ባሉት ቀናት ባይወድቁ ይገርመኛል።

በወር ስታስቢው ደግሞ ዕቁቡ ከደመወዝሽ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። ዕቁብ ቁጠባ ነው፣ እወደዋለሁ፤ እኔም የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት በዕቁብ ነው። ግን በዚህ ዓመት ለባንኩ የከፈልሽው 525 ዶላር ሦስት ተኩል የዕቁብ እሑድ ነው። በአንድ እጅሽ እየቆጠብሽ በሌላው እየፈሰሰ ነው።

ስለዚህ አቋርጪ አልልሽም። መሃል ላይ ማቋረጥ ዋስሽንም ያስቸግራል፣ የጣልሽውም ቶሎ ላይመለስልሽ ይችላል። ይልቅ ዳኛውን ለብቻቸው አናግሪያቸው። እሑድ ሰው ሲበተን ቀረብ ብለሽ፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ" በያቸው። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ቼክ በሚገባበት እሑድ የሁለቱን ሳምንት 300 በአንድ ጊዜ እንድትጥይ። ዳኛ አስቀድሞ የሚከፍልን ሰው አይጠላም! አንቺ ደግሞ ዓርብ ማታ የሚቀርሽን ገንዘብ በትክክል ታውቂዋለሽ፤ ባዶው እሑድ አያስደነግጥሽም። ሁለተኛ፣ ዕጣሽን ለሁለት የሚካፈልሽ ሰው ይፈልጉልሽ እንደሆነ። ግማሽ ዕጣ በየዕቁቡ ያለ ነገር ነው። 75 ከሆነ በወር 300 ዶላር ይተነፍስልሻል። እስካሁን የጣልሽው እንዴት እንደሚታሰብ እሳቸውና ጸሐፊው ያውቃሉ፤ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።

"በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ" ብለሻል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ዕቁባችሁ ውስጥ አንድ ሰው ዕጣውን ለሁለት ቢያካፍል አንቺ ምን ትያለሽ? ቤትሽ ገብተሽ ታሚያለሽ ወይስ እሑድ ሳይመጣ ትረሺዋለሽ?

ስለ እናትሽም አንድ ቃል። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 200 ዶላር በባንክ 11,400 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ኑሮውም አብሮ እንደወጣ አውቃለሁ፤ ደሴ ያለው ዘይትም እዚያው እንዳልቆመ። ግን ለሦስት ወር 150 ብትልኪላቸው እናትሽ የሚከፋቸው ይመስልሻል? ወይስ የሚከፋው አንቺን ነው? ደውለሽ "እማዬ፣ ትንሽ ጠበብ ብሎኛል" በያቸው። አብዛኞቹ እናቶች "ልጄ፣ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም" ነው የሚሉት። በስማቸው የዋሸሽውንም ያቃልልሻል።

የብድር አፑን ተዪው። 50 ዶላር ሰጥቶ፣ ለፈጣን ማስተላለፊያ ጥቂት ዶላር፣ "ቲፕ" ብሎ ደግሞ ሌላ ይወስድና ዓርብ ቼክሽ እንደገባ ቀድሞ ይቆርጣል። 914ቱን ታስታውሺያለሽ? ያው ዳንስ በሌላ ሙዚቃ። ደመወዝ እስኪገባ የሚወሰደው፣ ፔይዴይ ብድር የሚባለው ደግሞ በተለመደው ዋጋው ለ100 ዶላር በሁለት ሳምንት 15 ያስከፍላል፤ በዓመት 400 ፐርሰንት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የግድ መበደር ከመጣ ፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን አባል ሁኚ። ብዙዎቹ ከ200 እስከ 1,000 ዶላር አነስተኛ ብድር አላቸው፤ ወለዱ በሕግ ከ28 ፐርሰንት አይበልጥም፣ የማመልከቻው ክፍያም ከ20 ዶላር። አባል ከሆንሽ አንድ ወር ሊያስጠብቁሽ ስለሚችሉ ሳትቸገሪ አሁኑኑ ግቢ።

አንድ የረሳሽው ገንዘብም አለሽ። በወር ሁለት ቼክ እያልሽ ነው የምታስቢው አይደል? በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ሰው በዓመት 24 ሳይሆን 26 ቼክ ነው የሚያገኘው። በዓመት ሁለት ወር ሦስት ዓርብ ይገባልሻል። ካላንደርሽ ላይ ፈልጊያቸው። ከሚቀጥለው ሦስተኛ ቼክ ላይ 200 ዶላር የቢል ሂሳብሽ ውስጥ ተዪና ዜሮ ብለሽ ጥሪው። አፑ 200 ሲል አንቺ "ባዶ ነኝ" በዪ። የባላንስ ማስጠንቀቂያውንም 25 ላይ አታድርጊው፤ 25 ሲቀር ነገሩ አልቋል። 200 ላይ አድርጊው።

አሁን ባለቤትሽ። በደብዳቤሽ ስለ እሱ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ቆየሁ። ያልነገርሽው ፈርተሽው ነው ወይስ አፍረሽ? ሁለቱ ይለያያሉ። ፍርሃት ከሆነ፣ ቁጣው ከቃል የሚያልፍ ከሆነ፣ እሱ የባንክ ጉዳይ ስላልሆነ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ ለብቻሽ እመልስልሻለሁ። ሃፍረት ከሆነ ግን በዚህ ሳምንት ንገሪው። መኪና ውስጥ አይሁን። ልጁ ባለበትም አይሁን። ከሥራ እንደገባ በር ላይም አትያዢው። ልጁ ሲተኛ ሻይ አፍልተሽ፣ አሥራ አምስቱ ቅጣት የተጻፈበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። በይቅርታ አትጀምሪ። "ባንኩ በዚህ ዓመት 525 ዶላር ወሰደብኝ፣ ለምን እንደሆነ ገባኝ፣ ነገ የማደርገው ይሄን ነው" በያው። ስለ እናትሽ ያልሽው ውሸት እንደነበረም በዚያው ምሽት ንገሪው፤ ለሌላ ቀን ካሳደርሽው ይከብዳል። ሊቆጣ ይችላል። የሚቆጣው በገንዘቡ ሳይሆን ብቻሽን በመሸከምሽ ቢሆን ደግሞ አይግረምሽ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂው፦ "ያንተንስ ሂሳብ ብናየው?" ሙሉ ቀን ቤንዚን የሚቀዳ፣ ገቢው በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው ነው። የእሱ ወረቀት ላይም አንድ ሁለት 35 ቢገኝ አልደነቅም። ኪራዩና ዕቁቡ በአንድ ካላንደር ላይ ከተጻፉ ኢንሹራንሱን ለሦስት ቀን እሱ ሊሸፍነው ይችላል፤ አንቺም ዓርብ ትመልሽለታለሽ። ወለድ የሌለው ኦቨርድራፍት አጠገብሽ ተኝቷል።

ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጊው፤ ትሰለቺና ትተዪዋለሽ። ነገ በምሳ ዕረፍትሽ ወደ ባንኩ ደውዪ፤ ካርዱንና የ140ውን ነገር ብቻ ጨርሺ። ማታ ሻዩን አፍዪ። እሑድ ዳኛውን ያዣቸው። ኢንሹራንሱና ኤችአሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳሉ።

ዕጣው ሲወጣልሽ ምን ልታደርጊበት እንዳሰብሽ አልነገርሽኝም። ጋሼ ምን እንዳሉሽ ስትጽፊልኝ እሱንም ጨምሪበት።